ቀጭን ላሜራ በፕላዝማ ስንቆርጥ ማዕዘኑ ለምን ይበላሻል?

በዚህ እትም ከወርክሾፕ ያገኘነውን ትምህርት እናካፍላችኋለን።

ለጀመዓችን የንባብ ክፍል «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ በሲኤንሲ ፕላዝማ ልንቆርጥ ተነሣን። ረጃጅሞቹ መስመሮች አማሩ፤ የ«ቤ» እና የ«ተ» ማዕዘኖች ግን ቀልጠው ተድቦለቦሉ። የ«መ» ክቦችም መሐላቸው ወድቆ ባዶ ቀዳዳ ሆኑ። ላሜራው የተገዛው በአባላት መዋጮ ስለነበር፣ ሁለተኛውን ከመንካታችን በፊት ምክንያቱን ለመረዳት ተቀመጥን።

ምን ተፈጠረ?

ማሽኑ ማዕዘን ላይ አቅጣጫ ለመቀየር ፍጥነቱን መቀነስ ግድ ይለዋል። ቶርቹ ሲዘገይ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ቦታ ይከማቻል፣ የቁርጡ ስፋት ይጨምራል፣ ከስር የቀለጠ ብረት ይጣበቃል። ሌላም ችግር አለ። ከቶርቹ ፊት ያለው ብረት ቀልጦ ሲያልቅ አርኩ ይረዝማል፤ ቮልቴጁም ይጨምራል። የከፍታ መቆጣጠሪያው ይህን ሲያይ «ቶርቹ ከፍ ብሏል» ብሎ ወደ ላሜራው ያወርደዋል።

በቁጥር እንየው። ፍጥነታችን በደቂቃ 6 ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 100 ሚሊ ሜትር ነበር። የማሽኑ አክስለሬሽን 500 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ቢሆን፣ ለመቆም የሚፈልገው ርቀት የፍጥነቱ ስኩዌር ለአክስለሬሽኑ እጥፍ ሲካፈል ነው፦ 10,000 ÷ 1,000 = 10 ሚሊ ሜትር። ለመነሣትም ሌላ 10 ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከ20 ሚሊ ሜትር ባነሰ የፊደል መስመር ላይ የሞላነው ፍጥነት ጭራሽ አይደረስም! ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንሰው ግን የማቆሚያው ርቀት ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ፍጥነትን ብቻ አንቀንስ፤ ሙቀቱ ይብሳል። አነስተኛ ኖዝል ገጥመን አምፔሩንም አብረን እንቀንስ። ትክክለኛው ጥምረት በማሽኑ መመሪያ ሠንጠረዥ ላይ አለ።
2. የከፍታ መቆጣጠሪያው ማዕዘንና ትንንሽ ቀዳዳ ላይ እንዲቆለፍ እናድርግ።
3. ለትንንሽ ቀዳዳ ከመደበኛው ፍጥነት 60 በመቶ ገደማ እንጀምር።
4. አርኩን ሁልጊዜ በሚጣለው ክፍል ላይ እንለኩስ። የውጭ ማዕዘን ሲሆን፣ ቶርቹ ማዕዘኑን አልፎ በሚጣለው በኩል ዞሮ እንዲመለስ እናድርግ።
5. እንደ «መ» ላሉ ክብ ፊደላት መሐሉን የሚይዝ ቀጭን ድልድይ እንተው።

ከስር የተጣበቀውንም እንመርምር። ወፍራምና በቀላሉ የሚነሣ ከሆነ ዘግይተናል፤ ቀጭንና እንቢ የሚል ከሆነ ፈጥነናል።

እኛ ሁለተኛውን ላሜራ የቆረጥነው በቁራጭ ላይ አንዲት «ቤ» ደጋግመን ከሞከርን በኋላ ነው። ጽሑፉ ዛሬ በንባብ ክፍሉ በር ላይ ተሰቅሏል። እናንተም ከመዋጮው ላሜራ በፊት ከቁራጩ ጀምሩ።