ልጅነት እስከ መቼ ነው?

ልጆች ሆይ፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ሰምታችኋል። ነገር ግን በላስታ ደጋ ይህን የሚናገር አባት የቤቱን ሀብት፥ በጉንና ላሙን፥ ለትንሽ እረኛ ልጁ አደራ ይሰጣል። የቆሎ ተማሪም ደበሎ ለብሶ፥ ምግቡን ለምኖ፥ ከእናቱ ርቆ በላሊበላ አድባራት ይማራል። እንግዲህ አካልን የሚያሳድግ ተፈጥሮ ቢሆንም፥ የልጅነትን ወሰን የሚያቆመው ሰው ነው።

ወሰኑም ከአገር አገር፥ ከዘመን ዘመን ይለያያል። በእንግሊዝ አገር ሕፃናት በፋብሪካ ሲደክሙ ኖረው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1833 ዓመት የወጣ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉትን ከብዙዎቹ የጨርቅ ፋብሪካዎች ከለከለ። በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 አድርጎ ነበር። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድምና እኅት ልጅነታቸው እኩል አልነበረም ማለት ነው። ሕጉንም ተላልፈው ከዚያ በታች የዳሩ ወላጆች ብዙ ነበሩ። ሊጥ ለማቡካት አልበቃችም የተባለች ልጅ ቤት ታስተዳድር ዘንድ ተሰጠች።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የአማራ ክልል ሕግም ይህንኑ ተከተለ።

ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ ወላጆቻችሁን በሥራ ርዱ፤ ሥራም ለልጅ ትምህርት ነው። ነገር ግን እናንተም አድጋችሁ ወሰን የምታቆሙ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ለወንድ ልጃችሁ የሰጣችሁትን የመማሪያ ዘመን ለሴት ልጃችሁ አትንፈጓት። ሰው ያቆመውን ወሰን ሰው ሊያቀናው ይችላልና።