የስንዴ ዋግን በኅብረት ለመመርመር ለሚጠራ ጉባኤ ተሰብሳቢዎችን ስለ ማዘጋጀት

ዋግ በነፋስ የሚሄድ በሽታ ስለ ኾነ የአውራጃና የወረዳ ወሰን አያግደውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዘሮች በብዙ ስፍራ ጐዳ። ከዚህም በኋላ በአርሲና በባሌ ያለው ገበሬ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን፥ ዲገሉ የተባለውን ዘር አበዛ። ይህ ዘር በ1998 በኡጋንዳ የተገኘውንና ሊቃውንት ኹሉ የፈሩትን የግንድ ዋግ ደግሞ ይቋቋም ነበር። ነገር ግን በ2013 የመጣው የግንድ ዋግ ወገኑ ሌላ ኾኖ ተገኘ፤ ዲገሉ የተዘራበትም ማሳ በአንዳንድ ስፍራ ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ።

የዋግን ነገር አንድ ሰው ብቻውን አያውቀውም። ገበሬው ቀዩ ዱቄት በየትኛው ሳምንትና በየትኛው የማሳ ጥግ አስቀድሞ እንደ ታየ ያውቃል፤ የወረዳው ሹም ዘሩ ከወዴት እንደ መጣና ለማን እንደ ታደለ ያውቃል፤ የቁሉምሳና የአምቦ መርማሪዎች የዋጉን ወገን ይለያሉ። እነዚህ ሳይዘጋጁ ቢገናኙ ቀኑ በሰላምታና በንግግር ያልፋል። በቅኔ ቤትም ሳይቈጥር የመጣ ተማሪ የጓደኞቹን ከመስማት በቀር ለመምህሩ የሚነግረው የለውም።

እንግዲህ ጉባኤውን የሚጠራው ሹም አስቀድሞ ጥያቄውን ያጥብብ። «ስለ ስንዴ በሽታ እንመክራለን» ብሎ መጻፍ ጥያቄ አይደለም። «በዚህ ወረዳ የግንድ ዋግ በየትኛው ዘር ላይ ታየ? ከደጋው ነው ወይስ ከወይና ደጋው የጀመረው?» ቢል ግን ተጠሪው ኹሉ ወደ ማሳው ሄዶ አይቶ ይመጣል። ደብዳቤውም አዝመራው ከማሳ ሳይነሣ ይድረስ፤ ከአጨዳ በኋላ የተጠራ ሰው የሚያመጣው ትዝታውን ብቻ ነው። የታመመውን አገዳ ቈርጦ በወረቀት ፖስታ ያኑር እንጂ በላስቲክ አይጠቅልለው፤ በላስቲክ ውስጥ ያልበዋል፥ ይሻግታልም። በፖስታው ላይ የስፍራው ስም፥ የስንዴው ዘርና ቀኑ ይጻፍ። ወገኑን ለመለየት ጊዜ ስለሚያስፈልግ ናሙናው ጉባኤውን ሳይጠብቅ ቶሎ ወደ መርማሪዎቹ ይላክ።

ከኹሉ የሚከብደው የገበሬው ነገር ነው። ሹም የጠራው ገበሬ ነገሩ የግብር ወይም የዘር ዕዳ ይመስለዋል፤ ቸልተኛ እንዳይባልም የማሳውን በሽታ ይሸሽጋል። ስለዚህ የተጠራበት ምክንያት ገና በቤቱ ሳለ በሚያምነው ሽማግሌ አፍ ይነገረው። የተናገረውም ለቅጣት እንዳይውልበት ሹሙ ቃሉን ይስጥ፥ ቃሉንም ይጠብቅ። ዘሩን መርጣ የምታስቀምጠው ብዙ ጊዜ ሚስቲቱ ናትና እርስዋም ትጠራ፤ ይህ ብዙ የሚዘነጋ ነው።

በቀድሞው የንጉሥ ችሎት ፍርድ ሲሰጥ ከታናሹ ዳኛ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ይወጣ ነበር፤ ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ ያንኑ ይደግማልና። በዚህም ጉባኤ ገበሬው ይቅደም፥ መርማሪው ይከተል፥ ሹሙ በመጨረሻ ይናገር። መርማሪውም የባዕድ ስሞችን መደርደር ትቶ የታመመውን አገዳ በእጁ ይዞ ያሳይ።

ከመለያየታቸው በፊት በሚመጣው ክረምት ማን የትኛውን ማሳ በየስንት ቀኑ እንዲጐበኝ በጽሑፍ ይወሰን። ዋግ ስንዴውን ከያዘ በኋላ ለመራባት ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋልና፥ በወር አንድ ጊዜ የሚጐበኝ ሰው አይደርስበትም፤ ማሳው ቢያንስ በየሳምንቱ ይታይ።