ታላቅና ታናሽ በአንድ ጥላ ሥር

በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ፥ በወይራው ጥላ ሥር ወይም በደጀ ሰላሙ በረንዳ፥ ልጆች ተሰብስበው በየድምፃቸው ሲጮኹ ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ከሩቅ ለሚሰማው ሁካታ ይመስላል። ቀርቦ ለሚያየው ግን እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ትምህርት ይዞ ነው የሚጮኸው። የአምስት ዓመቱ ሕፃን «ሀ ግእዝ፥ ሁ ካዕብ» ይላል፤ ከአጠገቡ ያለው አቡጊዳ ላይ ነው፤ በስተኋላ የተቀመጠው ጐረምሳ ዳዊት ይደግማል። መምህሩ አንድ፥ ቦታው አንድ፥ ዕድሜውና ትምህርቱ ግን ልዩ ልዩ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፥ እንዲህ ባለው የንባብ ጉባኤ ውስጥ ያሉ ልጆች ከመስቀል ማግስት እስከ ጥምቀት ባሉት አራት ወራት ግድም ምን ምን እንደሚማሩ ነው። ይህንም እንድንጽፍ ያነሣሣን፥ ከካህናትም ከሰበካ ሽማግሎችም መካከል «ልጆቹ በዕድሜያቸው ይለዩ፤ ዕድሜው ያለፈበትም ወደ ሥራው ይሂድ» የሚሉ ሰዎች ማጋጠማቸው ነው። አሳቡ ከቅንነት የመጣ ለመሆኑ አንጠራጠርም፤ ሥርዐትንና ጸጥታን ከመውደድ ነው። ነገር ግን ያለውን ከማፍረስ አስቀድሞ በውስጡ ምን እንዳለ ማየት ይገባል።

ጀማሪው ሕፃን በፊደል ገበታ ፊት ይቀመጣል። ገበታው በ33 ተራ በየተራውም ሰባት ሰባት ሆኖ 231 ፊደላት አሉበት። ሕፃኑ ስንደዶውን ይዞ እየጠቆመ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ይወርዳል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሁሉን በቃሉ ያዜመዋል፤ ወላጆቹም ይደሰታሉ። ነገር ግን ያን ጊዜ ስንደዶውን ከመካከል አንሥቶ «ይህስ ማነው?» ቢሉት ዝም ይላል፤ ጆሮው እንጂ ዓይኑ አልተማረምና። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ነው አቡጊዳን ያስከተሉት። በአቡጊዳ ፊደሉ ተራውን ይለውጣል፤ «አ» በግእዝ ሲጀምር «ቡ» በካዕብ፥ «ጊ» በሣልስ፥ «ዳ» በራብዕ፥ «ሄ» በኃምስ፥ «ው» በሳድስ፥ «ዞ» በሳብዕ ይመጣሉ። የለመደው ዜማ ስለማይረዳው ሕፃኑ ግድ ሆኖበት ያያል። እኛ በበኩላችን ከብዙ የማስተማሪያ ዘዴ ይህን እናደንቃለን።

ከአቡጊዳ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ ነው፤ ይኸውም የሐዋርያው የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ነው። ተማሪው መጀመሪያ እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ ይቈጥራል፤ ቀጥሎ በግእዝ፥ ከዚያም በውርድ ንባብ፥ በመጨረሻም በቁም ንባብ ያነባል። ተነሽና ወዳቂ፥ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ስልቶች የሚለየው በዚህ ጊዜ ነው። ዳዊት የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ዳዊቱን የፈጸመ ልጅ ወላጆቹ ጠላ ጠምቀው፥ እንጀራ ጋግረው መምህሩንና ጎረቤቱን እንደሚጠሩ የታወቀ ስለሆነ አናብዛው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሠላሳ ልጅ ያለው መምህር የሠላሳውን ትምህርት በየቀኑ ብቻውን ሊሰማ አይችልም። ስለዚህ አቡጊዳን የፈጸመው ፊደል ቈጣሪውን፥ ዳዊት ደጋሚው ደግሞ ሐዋርያ የያዘውን ያስጠናል። ይህን ብዙ ሰው ለመምህሩ እንደ ማሳረፊያ አድርጎ ያየዋል። እኛ ግን ካስተማርንበት ዘመን የምናስታውሰውን አንድ ነገር እንጥቀስ። አንድ ሕፃን የሚያስጠናውን ልጅ «ሀ፥ ሐ፥ ኀ አንድ ድምፅ ከሆኑ ለምን ሦስት ሆኑ?» ብሎ ጠየቀው። ያ ልጅ ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ ብሎ ስማቸውን መጥራት ያውቃል፤ ምክንያታቸውን ግን አያውቅም። ዳዊትን እስከ እኩሌታው ደርሶ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ይህ ጥያቄ በልቡ አልመጣበትም ነበር። ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ። እኛም በሃሌታው ሀ የተጻፈው «መሀረ» አስተማረ ማለት እንደ ሆነ፥ በሐመሩ ሐ የተጻፈው «መሐረ» ደግሞ ይቅር አለ፥ ራራ ማለት እንደ ሆነ ነገርነው። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ቢባል ፀሐይ መውጣቱን፥ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ቢባል ግን ሌብነትን እንደሚያሳይም ጨመርንለት። ልጁ ሮጦ ሄዶ ለሕፃኑ ሲነግረው ከሩቅ እናየው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳዊቱን ሲደግም ፊደሉን እያየ መድገም ጀመረ። ሕፃኑ ባይጠይቀው ኖሮ ማን ያነቃው ነበር?

በማታ ሌላ ትምህርት አለ። ፀሐይ ስትገባ መጽሐፉ ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይጀመራል፤ አቡነ ዘበሰማያት፥ ጸሎተ ሃይማኖት፥ ከዚያም ከሰኞ እስከ እሑድ የተከፈለው ውዳሴ ማርያም። በጨለማ ገበታም ስንደዶም ስለሌለ ፊደል ያወቀና ያላወቀ እኩል ነው። ታናሹ የታላቁን ድምፅ ተከትሎ ይላል፤ ገና ማንበብ ያልቻለውን በጆሮው ይቀበላል። ኋላ ንባብ ሲደርስ ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም።

በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ ይደርሳል። ልጆች ወፍና ጦጣ ሊጠብቁ፥ ነዶ ሊሰበስቡ፥ በአውድማ በሬ ሊነዱ ይጠራሉ። ጉባኤው ይሳሳል። ሁሉ በአንድነት በአንድ ገጽ ላይ በሚሄዱበት ትምህርት ቤት አንድ ወር የቀረ ልጅ ሲመለስ ጓደኞቹ ርቀውት ያገኛቸዋል። በእኛ ጉባኤ ግን ማንም ጥሎት አልሄደም፤ ትምህርቱ እተወበት ተራ ላይ ይጠብቀዋል፥ በዚያም ተራ የሚያስጠናው አያጣም። የገበሬ ልጅ በዚህ ሥርዐት እንዲማር ያስቻለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

ልጅን በልጅ ማስተማር በሌላውም አገር ታስቦበታል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንድሩ ቤል የተባለ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን በሕንድ አገር በማድራስ፥ ጆሴፍ ላንካስተር ደግሞ በለንደን በዚሁ መንገድ አስተምረዋል። ቤል አሳቡን ያገኘው የአገሬው ልጆች በአሸዋ ላይ ፊደል ሲጽፉ አይቶ ነው። በ1907 ማሪያ ሞንቴሶሪ በሮም ከተማ በከፈተችው የሕፃናት ቤትም ልጆቹ በዕድሜ አልተለያዩም ነበር። የላንካስተር ዓላማ ግን በጥቂት ወጪ ብዙ መቶ ልጆችን በአንድ አዳራሽ ማስተማር ነበርና ልጁ እንደ ወታደር በሰልፍና በትእዛዝ ይሄድ ነበር። ይህን ከእኛ ጋር ማስተካከል አይገባም።

የእኛም ጉባኤ ቢሆን ከነቀፋ የጸዳ አይደለም። ታላቁን ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲያስጠና አውሎ የራሱን ዳዊት ማስተው በደል ነው። አለንጋውን በእጁ መስጠት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ከታናሹ የሚወርሰው ፍርሃትን ብቻ ነው፥ እርሱም ትዕቢትን ይማራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዘግይቶ የመጣው ልጅ ጉዳይ ነው። በዚህ እኛ ራሳችን በድለናል።

አንድ የዐሥራ አራት ዓመት እረኛ ፊደል ሊማር መጣ። ሥርዐቱ በትምህርት ነው ብለን ከሕፃናቱ ጋር ከፊት ተራ አስቀመጥነው። ጉልበቱ ከሁሉ በላይ ጎልቶ ይታይ ነበር። «ለ» እና «ሰ» ሲምታቱበት ሕፃናቱ ሳቁ፤ እኛም ዝም አሰኘናቸው እንጂ ቦታውን አልለወጥንም። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ቀረ። አዝመራ ነው ብለን አልጠየቅንም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቱ ወደ እኛ ቀርበው «የኔታ፥ ልጄን ከብት አልያዘውም፤ ኀፍረት ነው የያዘው» አሉን። ልንጠራው በላክን ጊዜ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ሄዶ ነበር። ማታ ማታ ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ መሸሹን፥ ዛፍ ላይ እየወደቀ ደጋግሞ የሚወጣውን ትል አይቶ መመለሱን ለልጆች እንተርክ ነበር፤ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ወደ ወይኑ ቦታ ስለገቡት ሠራተኞችም እናስተምር ነበር። ከፊታችን የተቀመጠውን ግን አላየነውም።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ዕድሜ ያለ ሌላ ልጅ መጣ። ይህን ከአያቱ ጋር ያደገ ስለነበር ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ በቃሉ ያውቀዋል፤ ከፊደል ግን አንድም አያውቅም። እኛም ማታ የቃሉን ትምህርት እርሱ እንዲመራ አደረግነው። ቀን ፊደሉን የምታስጠናው አቡጊዳን የፈጸመች አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ሆነች፤ የሚያጠኑትም ከሌሎቹ ራቅ ብለው ከግንቡ ሥር ነበር። ማታ ደግሞ እርሷ ውዳሴውን ከእርሱ ትቀበላለች። ቀን የሳተውን ፊደል ስታርመው የሳቀ አልነበረም፤ በማታ የሁሉ መሪ እርሱ ነበርና። እርሷም ማታ ስትሳሳት እርሱ አይቈጣትም ነበር።

የቃና ዘገሊላ በዓል ውሎ ልጆቹ ለጥቂት ቀን ሲሰናበቱ ልጁ ከመልእክተ ዮሐንስ መጀመሪያ ምዕራፍ ዐሥር ቁጥሮች ስድስቱን በቁጥር ንባብ ፈጽሞ ነበር። መጽሐፉ የደብሩ ነውና ይዞት ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀን፤ በጨርቅ ጠቅልለን ሰጠነው። ሕፃኒቱም ውዳሴውን እስከ ረቡዕ ጨርሳ ሐሙስን ጀምራ ነበር።