ስለ ቤተ ሰብ ማዕድና ስለ ልጆች ሽርሽር

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለ ደግነት የተነገረ ነው። በጤና አጠባበቅ ዓይን ለተመለከተው ግን ሌላም ምክር ይገኝበታል። በአንድ መሶብ ዙሪያ የሚቀመጥ ቤተ ሰብ በወጡ ውስጥ የገባው ደግ ነገር ለሁሉም ይደርሰዋል፤ በአንዱ እጅ ላይ ያለው ክፉ ነገርም እንዲሁ ለሁሉም ይደርሳል። ከመሶቡ ያልቀረበ ልጅ ደግሞ ከደጉ ነገር ድርሻ የለውም። በዚህ ወር ትምህርታችን ለደባርቅ፥ ለዳባትና ለስሜን ግርጌ ሰዎች፥ ይልቁንም ለመምህራን፥ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

1ኛ፤ ልጆችን ወደ ማዕድ ስለ ማቅረብ

በብዙ ቤት አባትና እንግዳ አስቀድመው ይበላሉ፤ እናትና ልጆች ከዚያ በኋላ የተረፈውን ይካፈላሉ። ታላቅን ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚተርፈው እንጀራውና መረቁ ነው፤ ሥጋው፥ ዕንቁላሉና ዐይቡ አስቀድሞ ያልቃል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተባለ ሰውነት የሚገነባ ምግብ ሊሰጠው ይገባል።

በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆነ 100 ሕፃናት መካከል 46ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት አጥረው ተገኝተዋል፤ በመላው ኢትዮጵያ ቍጥሩ 38 ነበር። መቀንጨር የሚባለው ይህ ጉዳት በአብዛኛው የሚደርሰው ከፅንስ አንሥቶ ሕፃኑ 2 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ነው። ቁመትን ከማሳጠሩም በላይ የመማርን ችሎታ ይቀንሳል። በ1ኛ ክፍል ትምህርት የሚከብደው ልጅ፥ ችግሩ ከብዙ ዓመት በፊት በቤቱ መሶብ ዙሪያ የጀመረ ሊሆን እንደሚችል መምህራን ይገንዘቡ።

አገራችን ገብስ፥ ስንዴ፥ ባቄላና ድንች ታበቅላለች። ዕንቁላልም አይታጣም፤ ነገር ግን አብዛኛው ወደ ገበያ ይሄዳል። ከሚሸጠው ላይ ጥቂቱን ለሕፃኑ ማስቀረት ለቤተ ሰቡ ትልቅ ትርፍ ነው።

በጾም ወራት ደግሞ ሌላ ችግር ይነሣል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በጾም አያስገድድም፤ ሆኖም አያሌ እናቶች ድስቱ እንዳይገድፍባቸው ሲሉ ለሕፃኑ ወተትና ዕንቁላል ማዘጋጀቱን ይተዋሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ የራሱን ትንሽ ድስትና ሳሕን መለየት ነው።

2ኛ፤ ወደ አንድ መሶብ ስለሚገቡ እጆችና ስለ ጨው

ከመብል በፊት ታናሽ ለታላቅ እጅ ማስታጠቡ ያማረ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ውሃ ብቻውን ቅባትንና ከቅባቱ ጋር የተጣበቀውን ተሕዋስ አጥርቶ ስለማያስለቅቅ ሳሙና፥ ሳሙና ቢታጣም ዐመድ ያስፈልጋል። ከመጸዳጃ ቤት የተመለሰ ወይም ሕፃን ያጸዳ እጅ ሳይታጠብ ቢያጎርስ፥ የፍቅር ምልክት የሆነው ጉርሻ የአሜባ፥ የጃርዲያ፥ የወስፋትና የታይፎይድ ማስተላለፊያ ይሆናል። ጉርሻው ይቅር አንልም፤ እጁ ይታጠብ እንላለን። በዚያው ጊዜ የልጆች ፊት ይታጠብ፤ ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ የዓይን አር ባለበት ፊት ላይ ታርፋለችና።

ዝናብ ከተራራማ አገር አፈር አዮዲንን አጥቦ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት በደጋ አገር እንቅርት ይበዛል፤ በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን በብርቱ ያነሳት እናት የምትወልደው ልጅም አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. በደንብ ታዟል። ጨው ሲገዛ የከረጢቱ ጽሕፈት ይነበብ፤ በተከደነ ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጨመር። በዚህ አኳኋን አንድ ቁንጥር ጨው በመሶቡ ዙሪያ ላሉት ሁሉ ይደርሳል።

ከምግብ በኋላ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና መጠጣትም ከማዕድ የሚቈጠር ነው። እናቶች ስለ ልጆቻቸው የሚመካከሩት፥ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌም ሰው የሚያገኘው በዚያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቡናው ላይ ብትጠራ ምክሯ ለብዙ ቤት ይደርሳል። ነገር ግን ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይቀበለው ስለሚያደርጉ፥ በተለይ ነፍሰ ጡር እናት ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ብትጠጣ ይሻላል።

3ኛ፤ ከቤት ስለ መውጣት

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ብርዷ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ሕፃናት በጋቢ ተጠቅልለው ከምድጃ አጠገብ ይውላሉ። ጭሱ ለሳንባ ምች ያጋልጣቸዋል፤ ፀሐይ ያልነካው ቆዳም ቫይታሚን ዲ ሊሠራ አይችልም። ይህ ያነሰው ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፥ እግሩ ይጎብጣል፤ በሽታው ሪኬትስ ይባላል። በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይ ለዚህ አይጠቅምም። ሕፃኑ በየማለዳው ከነፋስ በተከለለ ደጅ፥ ዓይኑ ተጋርዶ፥ እጁና እግሩ ተገልጦ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ይሙቅ።

ከፍ ላሉት ልጆች ሽርሽር ገንዘብ አያስወጣም። የሩቅ አገር ሰዎች ሊያዩት የሚመጡት፥ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤታችን ነው። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገዱን ረዘም አድርጎ መሄድ፥ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ በእግር መጓዝም ይበቃል። ጥቂት ቆሎና የፈላ ውሃ ይያዝ። አባት የልጁን እጅ ይዞ ጅብራውንና አስታውን በስማቸው ቢያስተምረው፥ የልጁ ሰውነት ይጠነክራል፤ ቋንቋውም ይሰፋል።

እኛ በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ እያንዳንዱ በየሰዓቱ ለብቻው የሚመገብበትን ቤት አይተናል፤ በዚያ ያሉ ሐኪሞችም ቤተ ሰብ አብሮ እንዲበላ ይመክራሉ። ለእኛ ልማዱ በእጃችን ነው። የሚቀረን እጅን መታጠብ፥ ጨውን መምረጥና ለልጆች ስፍራ መልቀቅ ነው።

ለክፍል የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ አስቀድሞ የሚበላው ማን ነው? ለታናናሾቹስ ምን ይተርፋል?
2. በቤታችሁ ያለው ጨው አዮዲን አለበትን? በምን ዕቃ ተቀምጧል?
3. ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ፀሐይ ሞቁ?