ከ12ኛ ክፍል ወደ ዩኒቨርሲቲ፤ ደወል ወደሌለበት ትምህርት ቤት



በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ከምንፈጽመው ተማሪዎች መካከል ስለ ብሔራዊው ፈተና ሳይነጋገር የሚውል የለም። ማሰባችንም ተገቢ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ፥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኘው ከ100 ተፈታኝ 3 ያህል ብቻ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን ከፈተናው ወዲያ ስላለው ሕይወት ስንነጋገር ሰምቼ አላውቅም። የዩኒቨርሲቲው በር የመንገዱ መጨረሻ ይመስለናል። በሩን አልፎ የተመለሰ ሰው ያለበት ቤት ግን እንዲህ አያስብም።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በእኛ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሜ በክፍሉ ከቀዳሚዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነበር። የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ከእኛ ከተማ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። አባታችን ወይፈን ሸጦ ገንዘብ ሰጠው፤ እናታችን በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጀችለት፤ ጎረቤቱም ሁሉ መርቆ ሸኘው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ማታ ሻንጣውንና ብርድ ልብሱን ይዞ ተመለሰ። ጎረቤቶች፥ «የዕረፍት ጊዜ ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ እናቴ «አዎን» አለች። እውነቱ ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ምክንያት ከትምህርቱ መሰናበቱ ነበር። አባቴ አንድ ሳምንት ሙሉ አላነጋገረውም። ወንድሜም ቀን ከቤት ሳይወጣ ይውልና ሲመሽ ብቻ ከብቶቹን ለማስገባት ይወጣ ነበር።

እንደ ዕድል ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለመግባት አመልክቶ ተፈቀደለት፤ አሁን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ቤት በመጣ ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት ጠየቅሁት። እንዲሁም ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው በዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሌሎች ሁለት ተማሪዎችን አነጋገርኩ። ከሦስቱ የተማርኩትን በአራት ክፍል አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ስለ ጊዜ

በትምህርት ቤታችን በቀን 7 ክፍለ ጊዜ እንማራለን፤ እያንዳንዱም 40 ደቂቃ ነው። ይህ በሳምንት ሲደመር 23 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። የመግቢያና የመውጫ ደወል አለ፤ ሰልፍ አለ፤ የስም ጥሪ አለ። የቀረ ተማሪ ወላጅ አምጣ ይባላል። ስለዚህ ጊዜያችንን የሚቈጥሩልን ሌሎች ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

በዩኒቨርሲቲ ግን 15 ክሬዲት የተመዘገበ ተማሪ፥ የቤተ ሙከራው ሰዓት ሳይጨመር፥ ክፍል የሚገባው በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ወንድሜም የመጀመሪያውን የትምህርት ፕሮግራም ባየ ጊዜ፥ «ይህማ ዕረፍት ነው» ብሎ እንደ ነበር ነገረኝ። ለአንድ ሰዓት ትምህርት ቢያንስ ሁለት ሰዓት የግል ጥናት እንደሚያስፈልግ የነገረው አልነበረም፤ ቢነግሩትም ኖሮ የሚሰማ አልነበረም።

እስቲ እንቍጠረው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን 8 ሰዓት ብንተኛ 56 ሰዓት ይሄዳል። ለክፍል 15፥ ለግል ጥናት 30 ሰዓት ስንጨምር ድምሩ 101 ይሆናል። ለምግብ፥ ለልብስ አጠባ፥ ለእምነት፥ ለጨዋታና ለስፖርት 67 ሰዓት ይተርፋል። እንግዲህ ጊዜው የሚበቃ ነው። የሚጠፋው ግን በየዶርሙ በወሬና በስልክ ነው፤ እርሱም አንድ ቀን ሙሉ ሆኖ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት እየሆነ ነው። ሁለተኛ ዓመት የነርስ ትምህርት የምትማር አንዲት እኅታችን፥ «እኔን ያዳነኝ ከእራት በኋላ ወደ ዶርም አለመመለሴ ነው። ከካፌ በቀጥታ ወደ ላይብረሪ እሄዳለሁ። አልጋዬ ላይ አንድ ጊዜ ከተቀመጥኩ መነሣት የለም» አለችኝ።

2ኛ፤ ስለ ነጥብ አቈጣጠር

ብዙዎቻችን የለመድነው ከመቶ ማስላትን ነው። በዩኒቨርሲቲ ግን እያንዳንዱ ትምህርት በክሬዲቱ መጠን ይመዝናል። ኤ 4፥ ቢ 3፥ ሲ 2፥ ዲ 1፥ ኤፍ 0 ነጥብ ናቸው፤ በመካከላቸውም ሌሎች ደረጃዎች አሉ። ነጥቡ በክሬዲቱ ተባዝቶ ይደመርና ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ አራት ትምህርቶችን ወሰደ እንበል። ባለ 4 ክሬዲት በሆነው ዲ፥ ባለ 3 በሆነው ኤ፥ በሌላው ባለ 3 ቢ፥ ባለ 2 በሆነው ኤ አገኘ። 4 ሲደመር 12፥ ሲደመር 9፥ ሲደመር 8፥ 33 ይሆናል። ለ12 ክሬዲት ሲካፈል 2.75 ነው። ይኸው ተማሪ ባለ 4 ክሬዲት በሆነው ኤ፥ ባለ 2 በሆነውም ዲ አግኝቶ ቢሆን ድምሩ 39፥ አማካዩም 3.25 በሆነ ነበር። ያገኛቸው ፊደሎች ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቦታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ከባዱን ትምህርት «በኋላ እደርስበታለሁ» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ወንድሜ የሚወደውን ትምህርት ብቻ ያጠና ስለ ነበር የሚፈራው ትምህርት ጎትቶ ጣለው።

ሌላም ነገር አለ። ውጤቱ በመጨረሻው ፈተና ብቻ የሚወሰን አይደለም። ብዙ ጊዜ ግማሹ ከኩዊዝ፥ ከአሳይመንትና ከሚድ ፈተና ይሰበሰባል። ከ50 ነጥብ 18 ብቻ የያዘ ተማሪ የመጨረሻውን ፈተና አንድ ሳይስት ቢመልስ እንኳ ከ68 አያልፍም። እንግዲህ ከመጨረሻው ሳምንት የሌሊት ጥናት ይልቅ የመጀመሪያው ወር ይበልጣል።

3ኛ፤ ስለ ቋንቋ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው ይባላል። ነገር ግን መምህሮቻችን አዝነውልን ከበድ ሲል በአማርኛ ያብራሩልናል። ዩኒቨርሲቲ ግን ከልዩ ልዩ ክልል የመጡ፥ አፍ የፈቱበት ቋንቋ የተለያየ ተማሪዎች የሚገናኙበት ቦታ ስለ ሆነ ይህን ሁልጊዜ መጠበቅ አይቻልም። ወንድሜ በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ተናግሮ ሲጨርስ እርሱ ገና የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ይጽፍ እንደ ነበር ያስታውሳል።

መድኃኒቱን የነገረኝ ሦስተኛው ተማሪ ነው። እርሱ የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኝ ቀርቶ በሬሜዲያል ፕሮግራም አልፎ የገባ ነው። «ከክፍል በፊት የሚቀጥለውን ምዕራፍ አንድ ጊዜ አነበዋለሁ። ባይገባኝም ቃላቱን አውቃቸዋለሁ። መምህሩ ሲናገር የማውቃቸው ሰዎች ድምፅ ይመስለኛል» አለ። ይህን ልማድ ዛሬውኑ፥ በዚሁ ትምህርት ቤት ሳለን ልንጀምረው እንችላለን፤ ገንዘብ አያስከፍልም።

4ኛ፤ ስለ መጠየቅ

ከሁሉ የበለጠው ቁም ነገር ይህ ነው። ወንድሜ የሚድ ፈተናው ውጤት በተለጠፈ ጊዜ አደጋውን ዐውቆት ነበር። መምህሩ ተማሪዎችን በቢሮው የሚቀበልበት ሰዓት ነበረው፤ ወንድሜ አንድም ቀን አልሄደም። ዶርሙ ውስጥ ከእርሱ የተሻሉ ልጆች ነበሩ፤ አልጠየቃቸውም። በየእሑዱ እናታችን ስትደውል «ደኅና ነው፤ ጥሩ ነው» ይል ነበር። ለምን እንዲህ እንዳደረገ በጠየቅሁት ጊዜ፥ «እዚህ ሁሉ ሰው የሚጠይቀው እኔን ነበር። መጠየቅ እንጂ መጠየቄን አልለመድኩም። ሰነፍ መሆኔ የሚታወቅብኝ መሰለኝ» አለኝ።

አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ዛሬ ደግሞ ካለመናገር ዲግሪ ይቀራል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ከ33 ተማሪ አንዱ ቢጠፋ መምህሩ ወዲያው ያውቀዋል። ዛሬ በአገራችን ከ40 የሚበልጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲም በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ተማሪዎች ይኖሩታል። የበሩ መስፋት ለእንደኛ ያሉ የገበሬና የዝቅተኛ ነዋሪ ልጆች ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን በብዙ ሺሕ መካከል ዝም ያለውን ፈልጎ የሚያገኝ የለም። መጥፋታችንን ራሳችን መናገር አለብን።

ስለዚህ የሚከተሉትን በመጀመሪያው ሳምንት ማድረግ ይጠቅማል። የተማሪዎችን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውና የሚያሰናብተው ነጥብ ስንት እንደ ሆነ ማወቅ፤ የየትምህርቱን ዝርዝር ዕቅድ መቀበል፤ የአማካሪውን መምህር ቢሮ በእግር ሄዶ ማየት። ደግሞ የታመመ ወይም ከባድ ችግር የደረሰበት ተማሪ ዝም ብሎ ወደ አገሩ መሄድ የለበትም። ሬጅስትራር ዘንድ ቀርቦ የማቋረጫውን ቅጽ ሞልቶ ቢሄድ ለመመለስ መንገድ ይኖረዋል፤ ሳይናገር የጠፋ ግን ራሱ በሩን በላዩ ላይ ይዘጋል።

ለወላጆቻችን አንድ ልመና አለኝ። ስትደውሉልን «ደኅና ናችሁ?» ብቻ አትበሉን፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደኅና» ነው። «ዘንድሮ የከበደህ ትምህርት የትኛው ነው? ማን ያግዝሃል?» ብላችሁ ጠይቁን። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ይህን ልትጠይቅ ትችላለች። ምናልባትም ከመካከላችን ወድቆ የሚመለስ ቢኖር፥ ለጎረቤት የሚነገረውን ከማሰባችሁ በፊት እራት አቅርቡለት። አባቴ ከሳምንቱ ዝምታ በኋላ ወንድሜን፥ «ወይፈኑ ሌላ ይወለዳል፤ አንተ ግን ሌላ የለህም። እንዴት ትመለሳለህ?» አለው። ማመልከቻው የተጻፈው በማግሥቱ ነው።

ለመምህሮቻችንም አክብሮታዊ ልመና አለን። በዚህ በቀረን ጊዜ ቢያንስ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ያለ አማርኛ ማብራሪያ አስተምሩን፤ ማስታወሻም ሳትጽፉልን ራሳችን እንድንይዝ ተዉን። በመጀመሪያ ብናጉረመርምም በኋላ እናመሰግናችኋለን።

እናንተ ጓደኞቼም ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ነገር ብቻ እንሞክር። አንደኛው፥ ደወል ሳይደወል ተነሥተን በራሳችን ፕሮግራም አንድ ሰዓት ማጥናት። ሁለተኛው፥ በየሳምንቱ ያልገባንን አንድ ጥያቄ እጃችንን አውጥተን በሰው ፊት መጠየቅ። ጓደኛው ሲጠይቅ የሚስቅ ተማሪ ቢኖር እርሱ የነገን ወድቆ ተመላሽ እያዘጋጀ መሆኑን ይወቅ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት ስለ ወንድሜ መጻፍ ይገባኝ እንደ ሆነ እርሱን በስልክ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «ጻፈው። አፍሬ ሳልጠይቅ በመቅረቴ ወደቅሁ፤ አሁን ደግሞ አፍሬ ሳልናገር ልቅር?» አለኝ።

እነሆ ጻፍኩት። ለሁላችንም መልካም ውጤት፥ ከውጤቱም በኋላ መልካም ጅምር እንዲሆንልን እመኛለሁ።