አማና በትምህርት ገበታ ላይ

አማና የሚለውን ቃል ስንሰማ ቶሎ የሚታወሰን ገንዘብ ነው። ጎረቤት አስቀምጥልኝ ያለው ብር፣ ነጋዴ በእምነት የላከው ዕቃ፣ ሩቅ አገር የሄደ ሰው ለወንድሙ የተወው ቤትና ልጅ ሁሉ አማና ነው። ይሁን እንጂ እውቀትም አማና መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርድ፣ ድልድዩን የሠራው መሐንዲስ በተማሪነቱ ፈተናውን ራሱ ሠርቶ ይሁን ከጓደኛው ገልብጦ አይጠይቅም። ቢጠይቅም የሚመልስለት የለም። ነፍሱን በማያውቀው ሰው እውቀት ላይ አሳርፎ ያልፋል። ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ የምትመጣ እናትም እንዲሁ ናት። ባለሙያው "ይህን ያህል ስጪው" ካላት ትሰጠዋለች። ታዲያ አማና ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እኔ በጎጃም ደጋ ያደግሁ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው በእኩዮቼ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ኩረጃ በተማሪው ዘንድ ነውር መሆኑ ቀርቶ ብልሃት፣ ከዚያም አልፎ ደግነት መባል ስለጀመረ፣ ጉዳዩን አንስተን ብንማማርበት ይጠቅማል ብዬ ነው።

መሣሪያው ተለወጠ፣ ሥራው ግን ያው ነው

ወላጆቻችን በተማሩበት ጊዜ ኩረጃ ማለት አንገትን አስረዝሞ የጎረቤትን ወረቀት ማየት ነበር። አጤሬራም ነበረ፤ በእጅጌ፣ በካልሲና በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ የምትደበቅ ቁራጭ ወረቀት። ቀጥሎ ኮምፒዩተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲስፋፉ፣ በገንዘብ አሳይመንትና የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርተው የሚሰጡ ሰዎች መጡ። ከዚያ ሞባይል ካሜራ አወጣ፤ ቴሌግራም ደግሞ አንዱ ፎቶ ያነሳውን መልስ በደቂቃ ውስጥ ለሺህ ሰው አደረሰ። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቻት ጂፒቲና መሰሎቹ ተጨመሩ። ጥያቄውን ጽፈህ ትሰጠዋለህ፤ ሻይህን ሳትጨርስ ሦስት ገጽ መልስ ይሰጥሃል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። አጤሬራ የሚያዘጋጅ ተማሪ ቢያንስ ደብተሩን ገልጦ፣ ዋናውን ነጥብ ለይቶ፣ አሳጥሮ መጻፍ ነበረበት። ሳያስበው ጥቂት ይማር ነበር። ዛሬ ግን ተማሪው ያቀረበውን ጽሑፍ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነበው ሊያስረክብ ይችላል። ስሙ ከላይ ተጽፏል፤ እሱ ግን በጽሑፉ ውስጥ የለበትም። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ሲሉ አባቶች የተናገሩት ለዚህ ዘመን የተባለ ይመስላል።

ቁልፍ ብቻውን አይበቃም

አገራችን ይህን ችግር በቁልፍ ለመያዝ ብዙ ጥራለች። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ወጥቶ በመገኘቱ ፈተናው ተሰረዘ። በሐምሌ በድጋሚ ሲሰጥ ፌስቡክና ሌሎች መገናኛዎች ለቀናት ተዘጉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ተማሪዎች ከየመንደራቸው ተጉዘው፣ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ በማያውቁት አዳራሽ በማያውቁት ፈታኝ ፊት ተቀመጡ። በአማራ ክልል በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈታኞች ፈተናውን ጥለው መውጣታቸውም አይረሳም።

ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ አገር ደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም 3.3 ከመቶ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ።

ይህን ሁሉ በኩረጃ ማመካኘት ፍትሕ አይሆንም። የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረት፣ የኮሮና ወረርሽኝ፣ ጦርነትና መፈናቀል በልጆቻችን ትምህርት ላይ ያደረሱትን ጉዳት እናውቃለን። ነገር ግን ቁጥሩ አንድ እውነት አጋልጧል፤ ከክፍል ወደ ክፍል መዛወር እና ማወቅ ለየብቻቸው እየሄዱ ኖረዋል። እኛ የምናየው የመጀመሪያውን ነበር። ቁልፍ ሌባን ያስቸግር ይሆናል፤ ታማኝ ሰው ግን አያወጣም። ለኩረጃ የለመደ ሰው ስልኩን ቢነጠቅ ባዶውን ይቀራል እንጂ አዋቂ አይሆንም።

ይህንን እኛ በአማራ ክልል ያለን ተማሪዎች በሌላ መንገድም አይተነዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መቋረጡ ያስከተለው ችግር ብዙ ነው፤ ማንም አይመኘውም። ሆኖም ያ ጊዜ ለተማሪ አንድ ጥያቄ ጥሎ አልፏል፦ ስልኩ ዝም ሲል ከእኔ ጋር የሚቀረው እውቀት ምን ያህል ነው?

ከሁለቱ ነባር ትምህርት ቤቶች

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በጎጃም ያደገ ሰው፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ የቅኔ ቤት ወግ አይጠፋውም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ እየተባለ ሲነገር ሰምቷል። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ገለል ብሎ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ያድጋል። ያዘጋጀውን ይዞ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ይሰማዋል፣ ያርመዋል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላውን ይዞ የቀረበም በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። የሚያስገርመው፣ በአደባባይ ቅኔ ማቅረብ "መዝረፍ" ይባላል። ስሙ ዝርፊያ ቢሆንም ከማንም ያልተወሰደ የራስ ሥራ ነው። የእኛ ዘመን አሳይመንት ግን ስሙ "የግል ሥራ" ሆኖ ነገሩ ዝርፊያ ሆነ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ቁርኣን የሚቀራ ልጅ በእንጨት ሎሁ ላይ በቀለም ይጽፋል። ከኡስታዙ ፊት ተቀምጦ ያነባል። ሲሸመድደው ሎሁን ያጥበዋል፤ ጽሑፉ በውኃ ይሄዳል፣ በልጁ ደረት የተያዘው ይቀራል። ከፍ ያለው ደረሳም ወደ ወሎ ወርዶ በዳናም ሆነ በሌላ የእውቀት ማዕከል ሲቀራ ኪታቡን ከሸሁ ፊት ነው የሚያነበው። ኢጃዛ የሚያገኘው ሸሁ በጆሮው ሰምቶ ሲመሰክርለት ነው።

በእነዚህ ቤቶች የተማሪው ባሕርይ ከእኛ የተሻለ ስለነበረ ብቻ አይደለም ኩረጃ ያልነገሠው። የትምህርቱ አሰጣጥ ራሱ ኩረጃን ከንቱ ያደርገዋል። መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ናቸው። ወረቀቱ ታጥቧል። የሚፈተነው የተጻፈው ሳይሆን ሰውየው ነው።

ከማን ሰማህ?

በእስልምና የእውቀት ታሪክ ውስጥ ሁለተኛ ትልቅ ትምህርት አለ። የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ቃል ሲነገራቸው በመጀመሪያ "ከማን ሰማህ?" ብለው ይጠይቁ ነበር። እገሌ ከእገሌ፣ እሱም ከእገሌ እየተባለ ሰንሰለቱ ይቆጠራል፤ በሰንሰለቱ ያለ እያንዳንዱ ሰው በታማኝነቱና በማስታወስ ችሎታው ይመረመራል። ኢማም አል-ቡኻሪና መሰሎቻቸው ለዚህ ሲሉ ከአገር አገር ዞረዋል። ይህ ሰንሰለት ሰነድ ይባላል። እኛም በአማርኛ ማስረጃ የሚሆን ጽሑፍን ሰነድ እንላለን። ዛሬ መምህራን "ምንጭህን ጥቀስ" ሲሉን የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ከሰው መውሰድ ነውር አይደለም፤ ከማን እንደወሰዱ መደበቅ ነው ነውሩ።

አዲሱ ማሽን የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግበው፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመቱ ይጽፋሉ። ስለዚህ እውነቱንም ስህተቱንም እኩል ሲያሳምሩት ይችላሉ፤ የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲው ፈጥረው የሚጠቅሱበት ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች በቻት ጂፒቲ ተጠቅመው ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ ውስጥ በጭራሽ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎች ተጠቅሰው ተገኙ፤ 5,000 ዶላርም ተቀጡ። የሕግ ሊቅ የሆነ ሰው እንዲህ ከወደቀ፣ የጀማሪው ተማሪ ምን ይሆን?

ይህን ስል ማሽኑን ሐራም ነው ማለቴ አይደለም። ያልገባህን ሐሳብ በቀላል ቋንቋ እንዲያስረዳህ መጠየቅ፣ ራስህ የጻፍኸውን እንግሊዝኛ ማሳረም፣ የመለማመጃ ጥያቄ እንዲያወጣልህ ማድረግ ጥቅም አለው፤ መምህሩ ከፈቀደና መጠቀምህን ከተናገርህ ችግሩ ምንድን ነው? ሚዛኑ ይህ ነው፦ ከተጠቀምህ በኋላ ስልኩን ዘግተህ ጉዳዩን በራስህ ቃል ለጓደኛህ ማስረዳት ከቻልህ ተምረሃል። ካልቻልህ ግን ሌላው ሠርቶልሃል።

"ወንድሜን ረዳሁት" ስለሚለው

ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት ስንፍና አይደለም፤ ርኅራኄ ነው። አጠገብህ የተቀመጠው ልጅ አባቱ በሬ ሸጠው የላኩት ነው። ከወደቀ ወደ ቤት ይመለሳል። በጠባቧ የመኝታ ክፍል እንጀራና ወጥ አብረህ የበላህ፣ ስትታመም ውኃ ያቀረበልህ ወንድምህ ነው። በፈተና ቀን "አሳየኝ" ሲልህ እምቢ ማለት ጭካኔ ይመስላል፤ እምቢ ያለውም "ስስታም" ተብሎ ይነቀፋል።

ይህን ጭንቀት በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ነገር ግን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ የሆነን ወንድም መርዳት የሚቻለው ከበደሉ በመከልከል መሆኑን አስተምረዋል። ለወንድምህ የምታዝን ከሆነ ከፈተናው በፊት ባሉት አርባ ሌሊቶች ውስጥ ሁለት ሦስቱን ስጠው። አብረኸው ተቀመጥ፣ አስረዳው፣ ደብተርህን አውሰው። በፈተናው ሰዓት የምትሰጠው መልስ አንድ ቀን ያሳልፈዋል፤ በሌሊቱ የምትሰጠው ግን ዕድሜውን ሙሉ ያገለግለዋል። ደግሞም አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሦስተኛ ሰው አለ። ከኋላ ተቀምጦ ብቻውን የሚሠራ፣ ማንም የማያሳየው፣ ምናልባትም ከሁሉ ድሃ የሆነ ተማሪ። ለወንድምህ የጨመርህለት ነጥብ የዚያን ልጅ ዕድል ወስዶ ሊሆን ይችላል። ርኅራኄያችን እሱንም ለምን አያየውም?

"ሁሉም ይኮርጃል" የሚለውም ምክንያት ይሰማል። ሁሉም ሰው ጤፍ ውስጥ ባዕድ ነገር ቢቀላቅል፣ የምንበላው እንጀራ ንጹሕ ይሆናልን?

ከክፍል ውጭ

ጤፍ ካነሳን፣ የደብረ ማርቆስ ገበያ የምትወጣ ብልህ ሴት ከጆንያው አፍ ላይ ዘግና ብቻ አትገዛም፤ እጇን እስከ ክርኗ ሰድዳ ከታችኛው ታወጣለች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ተናገረ። እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ሊያደርገው ይገባ እንደነበር ነገሩት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ልብ በሉ፤ የሰውየው ጥፋት እህሉ መርጠቡ አልነበረም፤ መደበቁ ነው።

ዲግሪም እንደዚያ ክምር ነው። ከላይ ሲታይ ደረቅና ያማረ ነው፤ ማዕረጉ፣ ካባው፣ ፎቶው። ቀጣሪው ወይም ሕዝቡ እጁን ወደ ታች ሲሰድድ ምን ያገኛል? በክፍል ውስጥ ያልሠራውን የሠራ አስመስሎ ማቅረብ የለመደ እጅ፣ በቢሮ የሰዓት ፊርማ ላይ፣ በሱቅ ሚዛን ላይ፣ በፎርጅድ ደረሰኝ ላይ አዲስ ነገር አይጀምርም፤ የለመደውን ይቀጥላል። "በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ" ብሎ እናቱን የወቀሰው ሌባ ተረት የሚነግረን ይህንን ነው።

ምን እናድርግ?

መምህራን፣ ክፍሉ ብዙ ተማሪ ቢኖርበትም ከየአሳይመንቱ ጥቂቶቹን በዕጣ እየጠሩ አምስት ደቂቃ በቃል ቢጠይቁ ከብዙ ጥበቃ ይሻላል። ተራው ማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ሁሉም የጻፈውን ያነብባል። የቅኔ መምህሩና ሸሁም ያደርጉት የነበረው ይህን ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁን "ስንት አመጣህ?" ከማለት በፊት "ምን ተማርህ? እስቲ ንገረኝ" በሉት። ፊደል ያልቆጠሩ አባትም ይህን መጠየቅ ይችላሉ፤ ልጁ የሚያውቀውን እንደሚናገርና የማያውቀውን እንደሚያድበሰብስ ከዓይኑ ይለያሉ።

ተማሪ ወንድሞችና እህቶች፣ እኛ ደግሞ ዝቅ ያለ ነጥብን መፍራት እንተው። በሐቅ የመጣ 60 ምን እንደጎደለን ይነግረናል፤ በኩረጃ የመጣ 90 ግን ጉድለታችንን ሸፍኖ ከእኛ ጋር ያስመርቀዋል። ከሰው የወሰድነውን ከማን እንደሆነ እንናገር። ያላወቅነውን "አላውቅም" ማለትን እንልመድ፤ ታላላቅ ዑለማዎች ይህን ቃል ሲናገሩ አላፈሩም።

ፈታኙ ከአዳራሹ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ አላህ (ሱ.ወ) ግን የማያይበት ጊዜ የለም። በእውቀታችን ላይ ነፍሱን የሚያሳርፈውን፣ ስሙን እንኳ የማናውቀውን መንገደኛና ልጇን ያዘለችውን እናት እያሰብን እንማር። አላህ ለአማናው የምንበቃ ያድርገን። አሚን።