ልጄ ሲያግዘኝ ከረሜላ ልስጠው?

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ጤፍ ላበጥር ስነሳ ሰፌዱን ሮጦ ያመጣልኛል። ከረሜላ ልስጠው? (እናት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ እህታችን፣ ከረሜላው ይቅርበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዋርንከንና ቶማሴሎ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ስላገዙ ቁሳዊ ሽልማት የለመዱ የ20 ወር ሕፃናት ሽልማቱ ሲቀር እገዛቸው ቀነሰ፤ ምንም ያልተሰጣቸው ግን ማገዛቸውን ቀጠሉ። በዚህ ዕድሜ ፍላጎቱ ከራሱ ከልጁ ይመነጫል።

ከዚያ በኋላ ግን አስተዳደግ ይለያያል። ተመራማሪዎቹ ቢያትሪስና ጆን ዋይቲንግ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የስድስት ባህሎች ጥናት፣ ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁት የኬንያ ጉሲ ልጆች ከአሜሪካውያኑ ልጆች ይበልጥ ለሌላው አሳቢ ሆነው ተገኝተዋል። በእኛ ወሎም ጥጃ የሚያግድ፣ ለቅሬ (ለዕድር) ዕቃ የሚያመላልስ ልጅ «እደግ!» ይባላል። ይህ ምርቃት እንደ ደመወዝ አይቆጠርም፤ ልጁን የቤቱ ሰው ያደርገዋል፤ በእኔ እምነት ከከረሜላው እጅግ ይበልጣል።

ሰፌዱን ተቀብለው ይመርቁት፤ ነገም አቅሙ የሚችለውን ሥራ አይንፈጉት።